የእናቴን ስልክ ጉም ያለበሰው

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ እናቴ የምታደርገውን ብዙ የዱራሜ ሰው ከገዛ ቤቱ ያውቀዋል። እራት ይነሳል። እጇን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ስልኩን ከመቀነቷ ፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠረግ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። የእነርሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ሲሞላ እርሱ ዘንድ ገና አንድ ሰዓት ነው። በኢሞ ይደውላል። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች፤ ከጀርባዋ እኅቶቼ፣ የእኅቶቼ ልጆች፣ አንዳንዴም ጎረቤት ይደረደራል።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሺንሺቾ እስከ ዶዮገና ባለው አገር ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጅ፣ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ያልሸኘ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ልጁን አምስትና ስድስት ዓመት በአካል ሳያይ የሚኖር ወላጅም ብዙ ነው። የልጅ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው በስልክ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም እንደዚያው። ስለ ስልክ ስክሪን ጭረት መጻፍ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ አንድ ምሽት እዚያ ቤት ተቀምጦ ቢያይ እወድ ነበር።

ባለፈው የካቲት ዱራሜ ስገባ እናቴን ያገኘኋት ጭንቀት ላይ ነው። ገና ቡናው ሳይፈላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድምህ ታሟል፤ ደብቆኛል» አለችኝ። ምን አይተሽ ነው ብላት፣ ፊቱ መገርጣቱን፣ ዓይኑ መፍዘዙን፣ ጉንጩ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር መውጣቱን ዘረዘረችልኝ። ከገና ወዲህ በየቀኑ እየባሰበት መሄዱን አስተውላለች። ለእኅቶቼ እንኳ አልነገረችም። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ትገላበጣለች።

የሚገርመው በዚያው ሰሞን ወንድሜም ለእኔ ደውሎ ስለ እርሷ ሲጨነቅ ነበር። «እማዬ ስታየኝ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ ፊቷም ጉም ውስጥ ያለች ነው የሚመስለው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት» ብሎኛል። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ይጨነቃሉ፣ ሁለቱም አንዱ ከሌላው ይደባበቃሉ።

ያን ዕለት ማታ በእኔ ስልክ ደወልንለት። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ደህና ነህ እንዴ?» አለችው፤ አጠያየቋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ወንድሜ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ወፍሯል።

የእርሷን ስልክ ወስጄ አምፖሉ ሥር ዘንበል አድርጌ አየሁት። ከላይ እስከ ታች የሸረሪት ድር በመሰለ ጥቃቅን ጭረት ተሸፍኗል። መሐሉ ላይ፣ የነጠላው ጫፍ በየምሽቱ የሚዞርበት ቦታ ላይ፣ ጭረቱ ክብ ክብ እየሠራ በአመድ እንደታሸ ብርጭቆ ፈዟል። ከላይ በኩል ያለችውን፣ እርሷን ለወንድሜ የምታሳየውን ትንሿን ካሜራም ያው ጭረት ሸፍኗታል። ሁለቱ ሰዎች ለሁለት ወር ያህል ሲተያዩ የኖሩት በዚህ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ለአያቶች አንድ ነገር ልበል። በስልክ የሚያዩት ፊት ብዥ ካለ ጥፋቱ የስልኩ ይሁን የዓይን ለመለየት ያንኑ ሰው በሌላ ሰው ስልክ ማየት ነው። በሌላው ጠርቶ ከታየ ነገሩ ስክሪኑ ላይ ነው። እዚያም ብዥ ካለ፣ መብራት ሲያዩም ብርሃኑ ዙሪያውን የሚበተን ከሆነ፣ ሞባይል ቤት መመላለስ ትርፉ ድካም ነው፤ የዓይን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይሻላል። የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው። እናቴንም ለማንኛውም አስመረመርናት። የቅርብ መነጽር ታዘዘላት እንጂ ሌላ ነገር አልተገኘባትም።

ሳንቲሙና ቁልፉ ተጠርጥረው ነበር

ስልኩን ወንድሜ የላከላት ለመሳላ ነው፤ መስከረም ላይ ሰው ይዞት መጣ። እናቴ በሦስተኛው ቀን የዳንቴል ከረጢት ሠራችለት። ቴሌቪዥኑ የዳንቴል ልብስ አለው፣ ሬዲዮኑ አለው፣ የሪሞት ኮንትሮሉ ላስቲክ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አልተገፈፈም፤ ስልኩስ ለምን ራቁቱን ይሁን? ከረጢቱን ከነስልኩ መቀነቷ ውስጥ ትቋጥረዋለች። እዚያው መቀነት ውስጥ የሳጥኗ ቁልፍና ከገበያ የተረፈ ሳንቲም አለ። እኔ ወዲያው የፈረድኩት በቁልፉና በሳንቲሙ ላይ ነበር። እናቴንም ተቆጣኋት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ ከመንገዱ ዳር ካሉት ሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድኳት። የሚጠግነው ልጅ ሃያዎቹን ያጋመሰ አይመስልም። ስልኩን ተቀብሎ ገለባበጠና «እማማ፣ በምንድን ነው የሚጠርጉት?» ብሎ ጠየቃት። በምን እንደምትይዘው ይጠይቃታል ብዬ ስጠብቅ ስለ መጥረጊያው መጠየቁ ገረመኝ። ነጠላዋን አሳየችው። ልጁ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ነገሩን ለእኔ ሊያስረዳኝ ፈልጎ ከመሳቢያው የተሰበረ የስልክ መስታወት አወጣ። የአንድ ብር ሳንቲም ወስዶ ጠበቅ አድርጎ አሸበት። ግራጫ መስመር ታየ። በጣቱ ሲጠርገው መስመሩ ጠፋ፤ መስታወቱ ላይ የቀረው የሳንቲሙ ብረት ነበር እንጂ መስታወቱ አልተጫረም። በቁልፍም ሞከረው፤ ያው ነው። ቀጥሎ ከደጃፉ አንድ ቁንጥር አቧራ ዘግኖ መስታወቱ ላይ በተነና በጨርቅ ሁለት ጊዜ ብቻ አሸት አደረገው። አቧራውን እፍ ሲለው ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ነገሩ የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ከ200 ዓመት በፊት ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ የትኛው ማዕድን የትኛውን እንደሚጭር እያየ ከ1 እስከ 10 ደረጃ አወጣ። 10 አልማዝ ነው። የሰው ጥፍር 2 ተኩል ገደማ ላይ ይውላል፤ የመዳብ ሳንቲም 3 አካባቢ፤ ቢላዋ 5 ተኩል ገደማ። የዘመኑ ስልክ መስታወት ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይመደባል። ስለዚህ ሳንቲሙም ቁልፉም ከመስታወቱ ይለሰልሳሉ ማለት ነው። ተራ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ግን 7 ነው። ዓይን የማያየው፣ ከዱቄት የማይለይ የአሸዋ ብናኝ ከጩቤ ይልቅ ስልክ ይጭራል። በበጋ የባጃጅ ጎማ የሚያስነሳው አቧራ፣ ከዝንጅብል ማሳ በእጅ የሚመጣው አፈር፣ መሬት ለመሬት የሚጎተት የነጠላ ጫፍ፣ ሁሉም ይህን ብናኝ ይዞ ይመጣል።

መቀነቱም ሙሉ በሙሉ ነጻ አይወጣም። ሳንቲሙ በራሱ ባይጭርም ከገበያ ይዞት የመጣው አሸዋ ይጭራል፤ ቁልፉ ደግሞ ያንን አሸዋ ስክሪኑ ላይ እየተጫነ ያሸዋል። የዳንቴሉ ከረጢትም ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ አቧራውን አስገብቶ ያስቀምጠዋል። አምስት ወር ሙሉ አንድ ጊዜም አልታጠበም ነበር።

ልጁ ሌላም ነገር አየ። ከታች በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ከሌሎቹ የጠለቁ ሁለት ጭረቶች ነበሩ። እነዚህ ከነጠላ አይመጡም አለ። ቤት ስንመለስ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ እናቴ ቡና ስታፈላ ስልኩን የምታስቀምጠው ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን ነው። የቤት እመቤት ሁሉ እንደምታውቀው ቢላዋ ሲደንዝ ስኒ ይገለበጥና ቂጡ ላይ ይሳላል። የስኒው ቂጥ ዙሪያውን ያልተቀባ፣ ሻካራ ሸክላ ስለሆነ ብረት ይሞርዳል። ብረት የሚሞርድ ነገር የስልክ መስታወትን አይምረውም። ስኒ ስልክ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም ስልክን በፊቱ ደፍቶ ረከቦት ላይ ማሳደር ከቁልፍ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው።

የእኅቴ ልጅ ደግሞ የራሱን ስልክ ያበላሸው በሌላ መንገድ ነው። ሐምበሪቾ ተራራን 777ቱን ደረጃ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ስልኩን ድንጋይ ላይ በፊቱ ደፋው። አንድ ጊዜ ነው የደፋው፤ በቃው።

መስታወቱ ራሱ እንዴት ያለ ነው?

ቁልፍን የመጠርጠር ነገር በእኔ የተጀመረ አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደዘገበው፣ የመጀመሪያው አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ሊወጣ አንድ ወር ከምናምን ሲቀረው ስቲቭ ጆብስ የናሙናውን ስልክ ኪሱ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ይዞት ሰንብቶ ነበር። ስክሪኑ ፕላስቲክ ስለነበረ በጭረት ተሞላ። ጆብስ ተቆጥቶ ስክሪኑ የማይጫር መስታወት ይሁን አለ፤ ሰው ስልኩን ከቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ መያዙ አይቀርም ባይ ነው። ስለ መቀነት ሰምቶ ባያውቅም የተናገረው ስለ እናቴም ነው። መስታወቱን የሠራለት ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ዛሬ ጎሪላ ግላስ እየተባለ በብዙ ስልክ ላይ የሚገኘው የዚያ ወገን ነው።

አሠራሩ ቀላል ምሳሌ አለው። መስታወቱ ወደ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። ከመስታወቱ ገጽ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና በቦታቸው ተለቅ ያሉት የፖታሲየም ቅንጣቶች ይገባሉ። ሚኒባስ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ተሳፋሪዎች ወርደው በእነርሱ ወንበር ወፋፍራሞች ሲቀመጡ ማለት ነው፤ ይጠባበቃል፣ ይጨናነቃል፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። ይህ መጨናነቅ ነው መስታወቱን በቀላሉ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው።

ጭረት የውበት ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥልቅ ጭረት ያንን የተጨናነቀ ገጽ ይቆርጠዋል። ስልኩ ሲወድቅ ስንጥቁ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከእንደዚህ ያለ ቁስል ነው። ትናንት ሦስት ጊዜ ወድቆ የተረፈ ስልክ ዛሬ ከወንበር ላይ ወድቆ ሲከሰከስ ሰው ይገረማል፤ ቁስሉ ቀድሞ ነበረ። በብዙዎቹ ስልኮች ደግሞ መስታወቱና ሥዕል የሚያወጣው ክፍል አንድ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲሰበር ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ወጪው ስልኩን እንደ አዲስ የመግዛት ያህል የሚከብድበት ጊዜ አለ።

ላስቲኩ

ወደ እናቴ ስልክ ልመለስ። ልጁ ጥፍሩን ስክሪኑ ጥግ ላይ አስገብቶ ቀስ ብሎ ማንሳት ሲጀምር እናቴ «ኧረ ልጄ፣ ገፈፍከው!» ብላ እጁን ያዘችው። የስልኩን ቆዳ የሚገፍ መስሏት ነው። የተነሳው ስስ ላስቲክ ነበር፤ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ተለጥፎበት የመጣ። ከሥሩ ያለው መስታወት እንደ ውኃ ጠርቶ ወጣ። ያ ሁሉ ጉም የላስቲኩ ነበር። ላስቲኩ ያልደረሰበት ጠርዝ ላይ ያሉት የስኒው ሁለት ጭረቶች ብቻ ቀሩ።

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። አዲስ ስልክ ላይ የሚመጣው ላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጽሑፍና ሥዕል ያለበት፣ ለመንገድ ብቻ የተለጠፈ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን መነሳት ያለበት ነው። ሌላው ጠርቶ የሚያሳይ፣ ልክ ተቆርጦ የተለጠፈ ሲሆን ለጥቂት ወራት ያገለግላል፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ከመስታወት ይልቅ በቀላሉ ይጫራል። ሥራውም እርሱ ነው፤ ተጭሮ መጣል። እኛ ግን ሪሞቱን እንደጠቀለልንበት ላስቲክ ዘላለም እናኖረዋለን። ስክሪንዎ ከፈዘዘ፣ ተበላሸ ከማለትዎ በፊት ጠርዙን በጥፍር ዳስሰው ከላይ የተለጠፈ ነገር እንዳለ ይዩ። ከዚህ ምክር አንድ ዓይነት ስልክ ብቻ ይወጣል፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፈው። የእርሱ ስክሪን ከላዩ ያለው ስስ ሽፋን የራሱ አካል ስለሆነ እቤት አይላጥም።

ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ ምን ይለጠፍ የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፕሮቴክተር ዓይነት ብዛቱ ያዞራል፤ 9ዲ፣ 11ዲ፣ 21ዲ፣ ናኖ፣ ሴራሚክ፣ ፕራይቬሲ። ዲ እያሉ የሚቆጥሩት ቁጥር የሻጭ ቋንቋ እንጂ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም። 9ኤች የሚለው ግን እውነተኛ መለኪያ አለው፤ ችግሩ ሰው ከሞስ ደረጃ ጋር ያምታታዋል። 9 ስለሚል ከአልማዝ በአንድ ብቻ የሚያንስ ይመስለዋል። 9ኤች የእርሳስ ደረጃ ነው፤ በጣም ጠንካራ በሆነው የሥዕል እርሳስ ሲገፋ አይጫርም ለማለት የተጻፈ። እርሳስ ደግሞ ከአሸዋ እጅግ ይለሰልሳል። ስለዚህ 9ኤች የተጻፈበት ፕሮቴክተርም በአቧራ ይጫራል። ይጫር፤ ለዚያ ነው የተገዛው። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቡና በታች ነው፤ ሲፈዝ ተነስቶ ሌላ ይለጠፋል።

በእኔ አስተያየት ለወላጆች የሚሻለው ተራው የመስታወት ፕሮቴክተር ነው። ከላስቲኩ ይልቅ ጭረት ይችላል፣ ጣት ሲነካው ይንሸራተታል፣ ስልኩ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ እርሱ ይሰበራል። ናኖና ሴራሚክ የሚባሉት የሚታጠፉ ሽፋኖች በአብዛኛው ፕላስቲክ ናቸው፤ ሲወድቅ አይከሰከሱም፣ ግን ቶሎ ይፈዛሉ። የጣት አሻራ የሚያነበው ስክሪኑ ሥር በሆነ ስልክ ላይ ወፍራም መስታወት ሲለጠፍ አሻራው አልነበብ ሊል ይችላል፤ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ያስሞክሩ።

ፕራይቬሲ የሚባለውን ግን ለወላጆቻችሁ አትግዙ። ወንድሜ በስልክ ሆኖ «ጥሩውን አድርጉላት፣ ውዱን» ሲል ልጁ ያቀረበልን እርሱን ነበር። ከጎን የሚያይ ሰው ምንም እንዳይታየው የተሠራ ነው፤ ከፊት ለፊት ላለውም ቢሆን ብርሃኑን ይቀንሳል። ታክሲ ውስጥ መልእክቱን ሰው እንዳያነብበት ለሚፈልግ ወጣት ይሁን። እናቴ ስልኩን ስትይዝ ከግራና ከቀኝ አምስት ሰው ተደግፎ ነው የሚያየው። ያን ብናስለጥፍ ኖሮ አምስቱ ጥቁር መስታወት ሲያዩ ያመሹ ነበር።

አለጣጠፉም ሙያ አለው። ዋናው ጠላት ያው አቧራ ነው፤ አንዲት ብናኝ ከሥር ከቀረች አረፋ ትሠራለች። ልጁ የመንገዱን በር ዘጋ፣ ስክሪኑን በአልኮል በረጠበች ጨርቅ ጠረገ፣ በደረቅ አደረቀ፣ ከዚያ የሚያጣብቅ ፕላስተር እያስነካ ያነሳ ጀመር፤ የቀረች ብናኝ ከፕላስተሩ ጋር ትወጣለች። ከተቻለ ዝናብ ዘንቦ አቧራው በተኛበት ጠዋት ማስለጠፍ ነው። በበጋ፣ በቀትር፣ ባጃጅ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፍ ፕሮቴክተር ከነአቧራው ነው የሚለጠፈው። መሐሉ ላይ የማይጣበቅ፣ ዙሪያው ብቻ የሚያዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አቧራው በጊዜ ብዛት ይገባል፤ ሙሉ ለሙሉ የሚጣበቀውን ይጠይቁ። ጠርዙ ከፍ ያለ ከቨርም ጨመርንበት፤ ስልኩ በፊቱ ሲደፋ መስታወቱ ጠረጴዛ እንዳይነካ።

የተሰነጠቀ ፕሮቴክተር ግን አይሰንብት። ስብርባሪው ጣት ይቆርጣል፤ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው የሚያወሩ አያቶችና ስልክ አፉ ውስጥ የሚከት የልጅ ልጅ ባለበት ቤት በተለይ።

በኮልጌት አታሹት

ቤት ስንገባ ጎረቤቶች ስለ ሁለቱ ጭረቶች ምክር ያዘንቡ ጀመር። አንዷ በኮልጌት እሹት አለች፤ ሌላዋ በአመድ፤ አንድ ጎረምሳ በዘይት። የጥርስ ሳሙና ጥርስ የሚያጸዳው ውስጡ ባለው ደቃቅ ሞራጅ ነገር ነው። የመስታወትን ጭረት ለመሙላት አይችልም፤ የሚችለው ሌላ ነገር ማጥፋት ነው። አዲስ ስልክ ላይ ጣት ሲያርፍ ቅባቱ በቀላሉ የሚጠረገው መስታወቱ በጣም ስስ የሆነ ቅባት የሚገፋ ቅብ ስላለው ነው። ሳሙናውም፣ አመዱም፣ በረኪናውም ይህን ቅብ ይልጡታል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ የጣት አሻራ እየያዘ ያስመርራል፤ ሰውም ይበልጥ ያሸዋል፤ ይበልጥ ይጫራል። ዘይቱ ለአንድ ምሽት ጭረቱን ይሸፍን ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን አቧራ ይሰበስባል። መስታወት በእውነት የሚያልሱ ባለሙያዎች ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ይጠቀማሉ፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ቅቡንም አብሮ ይወስዳል፤ የቤት ሥራ አይደለም። ሁለቱን ጭረቶች እንዳሉ ተውናቸው።

የቀረው ከባዱ ነገር ነበር፤ የነጠላው ጉዳይ። እናቴ ስልኩን መጥረግ ታቁም ማለት አይሆንም፤ ወንድሜን ለመቀበል የምትዘጋጀው በዚያ ነው። ስለዚህ መጥረጊያውን ቀየርነው። ከመነጽሯ ጋር የመጣችው ለስላሳ ጨርቅ የስልክም ሆነች። መጀመሪያ ስልኩን ዘንበል አድርጋ እፍ ትልበታለች፣ አቧራው ይረግፋል። ከዚያ ጨርቋን በጥቂት ውኃ ነካ ታደርግና ሳትጫን፣ ከላይ ወደ ታች ታወርዳለች። ክብ መዞር ቀርቷል። ጨርቋ በሳምንት አንድ ጊዜ ለብቻዋ ትታጠባለች። የዳንቴሉን ከረጢት እንድትጥለው ማንም አልደፈረም፤ እኅቴ ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ገበረችውና እርሱም ከነጠላው ጋር ይታጠባል። ቁልፉና ሳንቲሙ የመቀነቱን ሌላኛውን ጫፍ ይዘዋል። ረከቦቱ ላይ የስልክ ቦታ የለም።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት ወንድሜ ደወለ። እናቴ እፍ አለችበት፣ አወረደች፣ መነጽሯን አደረገች። ከጀርባዋ አምስታችን ነበርን። ወንድሜ «እማዬ፣ ዛሬ ጠርተሽ ታየሽኝ» አለ። እርሷ አልመለሰችለትም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ ትንሽ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች።

«ና ወደ መብራቱ» አለችው።

ሄደ።

«ጆሮህ አጠገብ ያለው ምንድን ነው?» አለች። «ሽበት ነው እንዴ? መቼ ነው ያወጣኸው?»